ምእመናንን ሊያስቀይም የሚችል ምዕራፍ፦ ላሳትመው ወይስ ከመጽሐፉ ላውጣው? (ጅማ)

የጅሬን መንገድ (ጠያቂ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም።

ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ቤታችን ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። ዘመኑ የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። ዋናዋ ባለታሪክ በ1889 ዓ.ም. በከፋ መንግሥት ላይ ከተካሄደው ዘመቻ በኋላ ተማርካ እዚህ ጅማ፣ ሒርማታ ገበያ ላይ የተሸጠች ልጅ ናት። በሒርማታ ገበያ ያኔ ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። የከተማችን ሽማግሌዎች ያውቁታል፣ የታሪክ ሰዎችም ጽፈውታል፤ እኛ ግን ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም አንሥተነው አናውቅም።

የሚያጣላው ምዕራፍ ዘጠኝ ነው። ልጅቷን የገዛት ሰው ዐሊም፣ የእስልምና ሊቅ ነው። ደረሶች (የሃይማኖት ተማሪዎች) ያስተምራል፣ ድኻ ያበላል፣ ሌሊት ተነሥቶ ይሰግዳል። ባሪያም አለው። ልጅቷ ለውዱእ ውሃ እያቀረበችለት በልቧ ፈጣሪን ትሞግታለች፤ ቃሎቿ ከባድ ናቸው፣ ሳላለሳልስ ነው የጻፍኩት። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ከሸዋ ጦር ጋር የመጣ አንድ ደብተራ ፍትሐ ነገሥት ጠቅሶ የጦር ምርኮኛን ባሪያ ማድረግ እንደማያስነውር ያስረዳል። ስለዚህ የአንድ ወገን መጽሐፍ ነው የሚለኝ ካለ አይደለም።

አሁን ሦስት ነገር ተደራረበብኝ። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ «ይህ ሼህ እኮ እገሌ ናቸው» አለኝ። እኔ ማንንም ብዬ አልጻፍኩም፤ ነገር ግን መቃብራቸው በመውሊድ የሚጎበኝ፣ ዘሮቻቸውም ዛሬ ከተማው ውስጥ ያሉ ታላቅ ሰው አሉና በአንዳንድ ነገር ይመሳሰላሉ። (ስም አልጠራም፤ እናንተም እንዳትገምቱ እለምናለሁ።) ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ገጾቹን አይቶ «ለሚመጣው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ» ብዬ እንድፈርም ጠየቀኝ። ሦስተኛው የባሰ ነው፦ አንዱ አንባቢዬ አንድ ገጽ በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። የልጅቷ ሙግት ብቻ ነው ያለበት፤ ከላዩም ከታቹም ምንም የለም።

ድፍረት ስጡኝ አላልኩም። ማስፈራሪያም እስካሁን አልደረሰኝም። የምጠይቀው ስለ ሥነ ምግባሩ ነው፤ መብት ስላለኝ ብቻ ማሳተም ትክክል ይሆናል? ሰው ስለሚከፋ ብቻስ መተው ትክክል ይሆናል?


መጽሐፍ ሻጩ

ወንድሜ፣ መጽሐፍ ጨርሶ ማየት ራሱ ዕድል ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ።

እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ መጽሐፍ እሸጣለሁ። ሸራ አንጥፌ ነው የጀመርኩት፤ አሁን ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የቁርኣን ትርጉም፣ ገድላት፣ የመዝሙር መጽሐፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ማዘጋጃ፣ ልብ ወለድ፤ ሁሉም ጎን ለጎን ነው ያለው። እስካሁን አንድም ሰው «ያንን ለምን ከዚህ አጠገብ አስቀመጥክ» ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ።

አንተ የምታነሣው የጸሐፊ መብትና የምእመን ስሜት ነው። በመካከል ያለነውን ማንም አያነሣንም። የተቆጣ ሰው አንድ ቀን ቢነሣ አንተን አያገኝህም፤ ምናልባት አዲስ አበባ መጽሐፍ እያስመረቅህ ትሆናለህ። የሚያገኘው እኔን ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ያንተ ነው፤ አድራሻው ግን የኔ ነው። ለአከፋፋዩ፣ ለሻጩ፣ ጥራዙን ጭኖ ለሚያመጣው የሚኒባስ ረዳት ምን እንደያዙ የሚነግራቸው ማነው? አታሳትም አላልኩም። ሳትነግረኝ አትላክልኝ ነው ያልኩት።


የአጂፕ ልጅ

አንድ ገጽ አይቼ ነው የምናገረው፤ ቴሌግራም ላይ ደርሶኛል። ወላሂ ደንግጫለሁ። ግን ደግሞ ከዚህ ክር በፊት መጽሐፍ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ሰው የጻፈው ስድብ ነበር የመሰለኝ።


ጠበቃ ነኝ

ሥነ ምግባሩን ለሌሎች ትቼ ሕጉን ብቻ ልናገር፤ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው።

ከመታተም በፊት የሚደረግ ምርመራ፣ ሳንሱር የምንለው፣ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 ላይ በማናቸውም መልኩ ከልክሎታል። ስለዚህ ከመንግሥትም ሆነ ከሃይማኖት ተቋም የማሳተሚያ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ከታተመ በኋላ ያለው ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 የአምልኮ ሥርዓትን በአደባባይ ማወክን፣ በሥርዓቱ ላይ ማፌዝን፣ የአምልኮ ቦታንና ዕቃን ማርከስን ይቀጣል። አንቀጽ 816 ደግሞ በአደባባይ በቃልም በምልክትም በሃይማኖት ላይ መሳለቅን ደንብ መተላለፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ በሃይማኖት ወይም በብሔር በሚለይ ሰውና ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚገፋፋን ንግግር ይከለክላል፤ ለጥናት፣ ለዜናና ለትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት ትምህርት ግን በር ከፍቷል። እንደ እኔ አስተያየት አንዲት ባሪያ በልቧ ፈጣሪን መሞገቷ ልብ ወለድ ውስጥ ሆኖ ከነዚህ አንዱም ላይ በቀላሉ አይወድቅም።

ማተሚያ ቤቱ የጠየቀህ ፊርማ ደግሞ ውል ነው። ውል የገንዘብ ኪሳራን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞር ይሆናል እንጂ የወንጀል ኃላፊነትን አያስተላልፍም። «ለሚመጣው ሁሉ» የሚለውን ቃል አትፈርም። ዝርዝር ይጻፉ።


የአጂፕ ልጅ

ጠበቃ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንቀጽ 29 ሱቅ አይጠብቅም።


ጠበቃ ነኝ

አይጠብቅም። እኔም አይጠብቅም ለማለት ነው ሥነ ምግባሩን ለሌላ የተውኩት።


ጧሊበል ዒልም

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስላሳሰበኝ ነገር ልንገርህ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በክፉ የሚያነሣ ቃል መጽሐፉ ውስጥ ካለ ከእኔ ጋር የምታደርገው ውይይት እዚህ ላይ ያበቃል። ከሌለ፣ እንደተረዳሁት የለም፣ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዐሊም ነው። ዐሊም ደግሞ መዕሱም፣ ከስሕተት የተጠበቀ አይደለም። ዑለማዎቻችን ራሳቸው አንዱ የሌላውን ስሕተት ሲጽፉ ነው የኖሩት።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ባርነት በፊቅህ፣ በእስልምና ሕግ ኪታቦች ውስጥ ምዕራፍ አለው፤ የሚክድ ካለ ኪታብ አልከፈተም። ሆኖም እነዚያው ኪታቦች ባሪያን ነጻ ስለ ማውጣት፣ ስለ ዒትቅ፣ ከዚያ የሚልቅ ነገር አላቸው። ሱረቱል በለድ «አስቸጋሪው ዳገት ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቅና መልሱን ከባርነት ነጻ ከማውጣት ትጀምራለች። ቢላል የእኛ አገር ደም ነው፤ ባሪያ ነበር፤ የመጀመሪያው ሙአዚን ሆነ። የአንተ ሼህ ይህን እያስተማረ ነው ልጅቷን የያዛት ወይስ ሳያውቅ? እያወቀ ከሆነ ታሪክህ ከባድ ነው፣ እውነተኛም ይሆናል፤ ውስጡ የሚጣላ ሰው ጻፍልን። ቢላልን የማያውቅ ዐሊም ከጻፍክ ግን እስልምናን የማያውቅ ሰው ሼህ የሚል ስም ሰጥተህ አቁመኸዋል ማለት ነው፤ እኔን የሚያስቀይመኝም እሱ ነው። ድፍረትህ አያስቀይመኝም፤ ስንፍናህ ነው የሚያስቀይመኝ።

የተለቀቀውን ገጽ ለጀማዓችን «ሙሉውን ሳናይ አንፈርድም» ብዬ ነግሬአቸዋለሁ። ሁሉም ተቀብሎኛል ማለት አልችልም።


ወልደ ቂርቆስ

ስለ ሼሁ አስተያየት መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም። ስለ ደብተራው ግን አለኝ። ከመቼ ወዲህ ነው እያንዳንዱ ደራሲ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጽፍ ወይ ጠንቋይ ወይ አድር ባይ የሚያደርገው? ሰልችቶናል። ፍትሐ ነገሥትም አንቀጽ 31 ላይ ሲጀምር ነጻነት በተፈጥሮ ለሰው ሁሉ የተሰጠ መሆኑን ነው የሚናገረው፤ ጦርነት ነው የተሸነፈውን ለአሸናፊው ባሪያ ያደረገው ይላል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም እንደ ጽድቅ ይቆጥራል። ደብተራህ ግማሹን ብቻ ከጠቀሰ እንዲያ ብለህ አሳይ። አለዚያ ክፍሉ ይውጣ።


የአጂፕ ልጅ

ወልደ ቂርቆስ፣ የሼሁ ሲሆን «የእኔ ቦታ አይደለም»፣ የደብተራው ሲሆን «ይውጣ»። እሺ።


ወልደ ቂርቆስ

አሳይ ነው ያልኩት። ካላሳየ ይውጣ። አንብብ።


[አንድ መልስ በአወያይ ተሰርዟል። የሰው ስምና የመኖሪያ ሰፈር ጠቅሶ ነበር። ጠያቂው ስም እንዳትገምቱ ለምኗል፤ ደንባችንም ያው ነው።]


የካምፓስ አንባቢ

ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ። ሁለት የውጭ ታሪኮች እዚህ ይጠቅማሉ ብዬ ነው።

መጽሐፍ ሻጩ ያሉት ስለ መካከለኞቹ ነው። «የሰይጣን ጥቅሶች» በሚለው ልብ ወለዱ ብዙ ሙስሊሞችን ያስቆጣው የሳልማን ሩሽዲ ነገር ሲነሣ ሁሉም ስለ ደራሲው ያወራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተገደለው ግን መጽሐፉን ወደ ጃፓንኛ የተረጎመው ሂቶሺ ኢጋራሺ ነበር። በዚያው ዓመት ጣሊያንኛ ተርጓሚው በስለት ተወጋ፣ በ1993 ደግሞ የኖርዌይ አሳታሚው በጥይት ቆሰለ። ደራሲው ራሱ የተወጋው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2022 ነው።

ሁለተኛው ግብፃዊው ደራሲ ናጊብ ማሕፉዝ ነው። የነቢያትን ታሪክ በአንድ የካይሮ ሰፈር ሰዎች አስመስሎ የጻፈው ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1959 አል አህራም ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ሲወጣ የአዝሀር፣ የካይሮው ታላቅ የእስልምና ተቋም፣ ሰዎች ተቃወሙ። ማሕፉዝ አልተሟገተም። መጽሐፉ በ1967 ቤይሩት ታተመ፤ እሱ ግን የአዝሀር ይሁንታ ካልተገኘ ግብፅ ውስጥ አይታተምም ብሎ በዚያ አቋሙ ኖረ። የኖቤል ሽልማት ካገኘ በኋላ እንኳ አልቀየረም። እንዲህም ሆኖ በ1994፣ በ82 ዓመቱ፣ አንድ ወጣት አንገቱ ላይ ወጋው፤ ከዚያ በኋላ እጁ እንደልቡ አልጻፈለትም። የወጋው ልጅ መጽሐፉን አላነበበውም ነበር። ካይሮ ውስጥ የታተመው ማሕፉዝ በሞተበት ዓመት፣ በ2006 ነው።

ከዚህ ምን እንደምትወስዱ የናንተ ነው። እኔ የወሰድኩት፣ መተው ደኅንነት አይገዛም። ሰውየው ለሰዎች ስሜት የሚቻለውን ሁሉ አደረገ፤ ቢላዋው አልቀረለትም።


ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የማሕፉዝ ነገር በደንብ ተነግሯል፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ሰውየው የተወው ራሱን ለማዳን ብቻ አይመስለኝም። በአገሩ ሕዝብ መካከል መኖር ስለፈለገ ነው። ይህም ሥነ ምግባር ነው፤ ፍርሃት ብቻ ብለን አንለፈው።

እኔ ሳንሱርን አይቼዋለሁ። በደርግ ዘመን ረቂቅ ሲያስገቡ የሚመለሰው በቀይ ተሰርዞ ነበር። «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለድ በ1975 ወጥቶ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ሲሰወር ጎልማሳ ነበርኩ። ያኔ የምንፈራው ቢሮ በር ነበረው፤ ገብተህ የምትለምነው፣ ወጥተህ የምትረግመው ሰው ነበር። ዛሬ የሚያስፈራው ደጃፍ የለውም፤ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነሣ አይታወቅም። ስለዚህ ጸሐፊው ሳንሱሩን ራሱ ውስጥ ያስገባዋል። ይህንን ልጅ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ከምዕራፉ ላይ የምታወጣው ነገር ካለ ለማን ብለህ እንደምታወጣው ስሙን ጥራ። «ለሰው» አትበል። ስሙን መጥራት ካልቻልክ ፍርሃት ነው።

በነገራችን ላይ ሃይማኖትን መተቸት በኛ ቋንቋ አዲስ ነገር የሚመስላችሁ ብላቴን ጌታ ኅሩይን አንብቡ። በ1925 «አዲስ ዓለም» ብለው ሲጽፉ ተዝካሩን፣ የካህናቱን ድግስ ሳይምሩ ነው የተናገሩት፤ ሰውየው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ከውስጥ ሆኖ መናገር ይለያል።


ጧሊበል ዒልም

መምህር፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ። የመጨረሻዋ ቃልዎ ዋናዋ ናት። ከውስጥ የሚናገር ሰው መልስ ሲሰጠው ይሰማል።


የካምፓስ አንባቢ

«ከውስጥ» ካልሆነ አትናገር ከተባለ ግን ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ ምን እናድርገው? የሙሴን ሕግም፣ የክርስቲያኑን ምንኩስናና ጾምም፣ የእስልምናንም ትምህርት በአንድ ብዕር ነው የሚሞግተው። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል፤ እኛ ግን ክፍል ውስጥ በሰላም እያነበብነው ነው። ማንም አልተቆጣም።


መጽሐፍ ሻጩ

ማንም ያልተቆጣው ማንም ስላልገዛው ነው። ሁለት ቅጂ አለኝ፣ አቧራ እያራገፍኩላቸው ነው።


አሰንዳቦ

ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም።

በ2003 ዓ.ም. የካቲት ላይ አሰንዳቦ ነበርን። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታልፏት ከተማ ናት። ቁርኣን ረከሰ የሚል ወሬ ተነሣ። በቀናት ውስጥ በዚያ አካባቢ በርካታ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። እኛም ከወጡት ነን። ያደርንበት ቤት የሙስሊም ጎረቤታችን ቤት ነበር፤ ሰውየው ሌሊቱን በር ላይ ተቀምጦ ነው ያነጋው። ይህን ሳልናገር የመጀመሪያውን ብቻ ብናገር ዋሽቻለሁ።

አንድም ሰው ያንን ገጽ ዓይቶት አያውቅም። ረከሰ የተባለውን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቄአለሁ፤ ሁሉም «እገሌ ሰማ» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ ሰው ሁሉ «መጽሐፉ አደጋ ያመጣል» ሲል እኔ መጽሐፉን አልፈራም። 300 ገጽ አንብቦ ቤት የሚያቃጥል ሰው አላየሁም። የምፈራው ቴሌግራም ላይ ያለውን ገጽ ነው። ወንድሜ የጅሬን መንገድ፣ ምዕራፉን ብታወጣው እንኳ ያ ገጽ አይጠፋም። አውጥተኸው ካሳተምክ ደግሞ ሰው ሙሉውን አንብቦ የሚፈርድበት ቦታ አጠፋህ ማለት ነው፤ የሚቀረው ወሬው ብቻ ነው።


የአጂፕ ልጅ

አሰንዳቦ፣ አላህ ያጽናህ። እኔ ያንን ገጽ ለሁለት ሰው ልኬው ነበር። አሁን የዚህን ክር ማያያዣ ልኬላቸዋለሁ።


ጡረተኛው መምህር

ጎሽ።


የአያቴ ልጅ

ከላይ ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩ። ሁላችሁም «ምእመናን ይከፋቸዋል» ትላላችሁ። የትኞቹ ምእመናን?

አያቴ አምስት ወቅት ሶላቷን አታጓድልም። ረመዷንን ጹማ ሸዋልን ትጨምራለች። የእናቷ እናት ከከፋ ተነድታ መጥታ ጅማ ውስጥ በሰው ቤት ባሪያ ሆና ነው የሞተችው። አያቴ ይህን የነገረችኝ በሹክሹክታ ነው፤ እሷ ወንጀል የሠራች ይመስል። ባርነት በሕግ የቀረው በ1934 ነው፤ በሰው አፍ ግን አልቀረም። ለአክስቴ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ሁሉ ተነጋግረው፣ ከዚያ ዘር ተጠይቆ ቀረ። የቀረበት ቤት ሰዎች ሃይማኖታቸውን የሚያከብሩ ናቸው፤ እኛም እናከብራለን። አንድ መስጊድ ነው የምንሰግደው።

ታዲያ ይህ መጽሐፍ ሲወጣ «አማኙ ይቀየማል» ስትሉ ዓይናችሁ የሚሄደው ወደ ሼሁ ዘሮች ብቻ ነው። አያቴ አማኝ አይደለችም? የሼሁን ቤተሰብ እንደ ምእመን፣ የእኛን ቤተሰብ እንደ ታሪክ ነው የምታዩት። ምዕራፍ ዘጠኝ ከመጽሐፉ ቢወጣ እሷን የሚያስቀይማት እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው እዚህ የለም። መቶ ዓመት ዝም ሲባል እሷ ስትቀየም አልተቆጠረላትም።

ለአንተም ለጸሐፊው አለኝ። ልጅቷ ፈጣሪን ከመሞገት ሌላ ምን ታደርጋለች? የእኛ ሴቶች የጌቶቻቸውን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ከዚያ የራሳቸው አደረጉት። አንዳንዶቹ ከጌቶቻቸው አጥብቀው ያዙት። ሌሊት እየተነሡ የሰገዱት ጌቶች ብቻ አይደሉም። ልጅቷ ተቆጥታ ብቻ የምትቀር ከሆነ ለእኛ አልጻፍክላትም፤ ዩኒቨርሲቲ ላለ አንባቢ ነው የጻፍክላት። ከሞገተች በኋላ የት ደረሰች?


ጧሊበል ዒልም

እህቴ፣ ሱብሓነላህ። መልስ የለኝም። ይህን ጥያቄ እኔ ነበርኩ መጠየቅ የነበረብኝ፤ የተማርኩት ለዚህ አልነበረም እንዴ።


ወልደ ቂርቆስ

የኔም ቤተሰብ ከሸዋ ጋር የመጣ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ደብተራው አልከራከርም። ግን ግማሹን ብቻ አታስጠቅሰው።


ጠበቃ ነኝ

እህት የአያቴ ልጅ ያነሣችው በሕጉም ቦታ አለው። ሕጉ የሚጠብቀው ሰውንና ቡድንን እንጂ ዝናን ከታሪክ አይደለም። ሆኖም ጠያቂው ስለ መመሳሰሉ የተናገረውን አልረሳሁም፤ በሕይወት ያሉ ዘሮች ላይ የሚያመለክት ዝርዝር፣ ለምሳሌ የመቃብር ቦታ ወይም የቤተሰብ መለያ፣ ከሃይማኖት ጋር የማይገናኝ የራሱ ጥያቄ ነው። እሱን ከዚህኛው ጋር አትቀላቅሉት።


የጅሬን መንገድ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በየተራ መልስ መስጠት አልችልም፤ ያሰብኩትን ልንገራችሁ።

ምዕራፍ ዘጠኝ ከመጽሐፉ አይወጣም። መምህር «ለማን ብለህ ነው የምታወጣው፣ ስሙን ጥራ» ብለውኛል። ሞከርኩ። አንድም ስም አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ «ሰው ምን ይላል» ብቻ ነው። በአንጻሩ ምዕራፉ እንዲኖር የምፈልግላትን ሰው ስም መጥራት እችላለሁ፤ ካልተቀየማችሁ የዚህች እህታችን አያት ናቸው።

የሼሁን መኖሪያ፣ የመቃብሩን ዛፍ፣ የልጆቹን ብዛት እቀይራለሁ። ይህ ለሃይማኖት ብዬ አይደለም። እነዚያ ዘሮች ማንንም አልሸጡም፤ የማንንም ስም በማይጠራ መጽሐፍ ምክንያት ስማቸው የሚነሣበት ምክንያት የለም። ጠበቃው እንዳሉት ሁለቱን ለየሁ።

ኡስታዝ ያሉትን ወስጃለሁ፤ ሼሁ ሱረቱል በለድን ለደረሶቹ ሲያስተምር፣ ልጅቷ ከመጋረጃ ጀርባ ስትሰማ የሚያሳይ ክፍል እየጻፍኩ ነው። እሱም እንደሰማች ያውቃል። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ መጽሐፉን ትገዛላችሁ። ነገር ግን ኡስታዝ፣ ክፍሉን እንዲያዩልኝ እልክልዎታለሁ እንጂ ለማንኛውም ተቋም «ይሁን» እንዲልልኝ አልሰጥም። እርስዎ ተሳስተሃል ካሉኝ እሰማለሁ፤ አትችልም ካሉኝ አልሰማም። ለደብተራውም ሙሉውን አንቀጽ አፉ ውስጥ አደርጋለሁ፤ ግማሹን ሲውጥ አንባቢ ያየዋል።

ስለ ቴሌግራሙ ገጽ፦ ከላይና ከታች ያሉትን ገጾች ጨምሬ ሙሉውን ምዕራፍ በነጻ ልለቅ አስቤ ነበር። አሰንዳቦ፣ አንተ ምን ትላለህ?


አሰንዳቦ

ሙሉውን ልቀቀው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ገጠር የሚደርሰው በቃል ስለሆነ በድምፅም አንብበው። አሁን ግን ረመዷን ሊገባ ነው። ከዒድ በኋላ አድርገው። ፈርቼ አይደለም፤ ሰው ቤቱ ጾሙን ይዞ ሲቀመጥ ለምን ታነሣሣዋለህ።


የካምፓስ አንባቢ

ይህ ራስን ሳንሱር ማድረግ አይደለም?


ጡረተኛው መምህር

አይደለም። ቀን መምረጥ ነው።


የአያቴ ልጅ

ድምፁን ስትቀዳ ንገረኝ። የልጅቷን ክፍል ወንድ እንዳያነበው።


መጽሐፍ ሻጩ

እንግዲህ ንግድ እንነጋገር። ለእኔ አሥር ቅጂ ላክ፤ ክፍያው ከተሸጠ በኋላ። መስታወት ላይ አልለጥፈውም፤ ለጠየቀ ሁሉ ግን እሸጣለሁ፣ «የለም» አልልም። ሽፋኑ ላይ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም እንዳታደርግ፤ መጽሐፉን የማይከፍት ሰው የሚያየው ሽፋኑን ነው። ሁለት ሰዎች «ይህ መጽሐፍ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አንድ አንቀጽ ጻፍልኝ፤ የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ዓይነት ሙገሳ ሳይሆን፣ እኔ በአፌ የምናገረው። ቁጣ ከመጣም ስልክህን እሰጣለሁ። ፈቅደሃል?


የጅሬን መንገድ (ጠያቂ)

ፈቅጃለሁ። ምርቃቱም አዲስ አበባ አይሆንም፣ ጅማ ነው የሚሆነው። አዳራሽ ገና አላገኘሁም።


የአጂፕ ልጅ

ዋጋው ስንት ነው? ዘንድሮ ከምዕራፍ ዘጠኝ በላይ ሰው የሚያስቀይመው የመጽሐፍ ዋጋ ነው።


የጅሬን መንገድ (ጠያቂ)

ወረቀት ስለተወደደ ማተሚያ ቤቱ ገና አልቆረጠም። ፊርማውንም «ዝርዝር ጻፉ» ብያቸው መልስ እየጠበቅኩ ነው።